የቁርኣን ውድድርን በመድረኩ ብቻ መፍረድ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያውቀኝ ሁሉ «አየኸው?» እያለ ላከልኝ። ጽሑፉ የቁርኣን ውድድሮችን ይቃወማል። ጠቅለል ሲል እንዲህ ነው፦ ውድድሩ ከቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር የተቀዳ አዲስ ነገር ነው። ልጆቹ የማይገባቸውን እንደ በቀቀን ይደግማሉ። ሽልማቱ ኢኽላስን (ለአላህ ብቻ ብሎ መሥራትን) ይገድላል፣ በሸሪዓም ቦታ የለውም። ዳኞቹ ነጥብ የሚሰጡት ለዜማ ነው። ከጀርባው ያለው የባህረ ሰላጤ መንግሥታት ገጽታ ግንባታ ነው። የወሎና የሐረር የቁርኣን ቤት ባህላችንንም እየበላው ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ስታዲየም ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብ ቁርኣኑ የት ገባ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ጸሐፊው ለቁርኣን ተቆርቁረው እንደጻፉ ያስታውቃል። አንዳንዱ ሐሳባቸውም ያስማማኛል። ችግሩ ያዩት መድረኩን ብቻ መሆኑ ነው። መብራቱን፣ ምንጣፉን፣ በትልቁ የታተመውን ቼክ አይተዋል። ዳኛው ጆሮውን አቁሞ ምን እንደሚያዳምጥ ግን አላዩም። እሱን ሳያዩ ስለ ውድድሩ መፍረድ ይከብዳል ባይ ነኝ።

በራሳቸው ቅደም ተከተል ልሂድ።

«ከአይዶል የተቀዳ ነው»

ይህኛው በዓመተ ምሕረት ብቻ ይወድቃል። ፖፕ አይዶል እንግሊዝ አገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የአሜሪካው በዓመቱ ተከተለ። የማሌዥያው ዓለም አቀፍ የቲላዋ (ቁርኣንን አሳምሮ የመቅራት) ውድድር ግን የተጀመረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። አገሪቱ ነጻ ከወጣች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር፤ ሐሳቡን ያመነጩት የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትሯ ቱንኩ አብዱልረህማን ናቸው። ኢንዶኔዥያ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ውድድሯን በ1968 በረመዳን፣ በማካሳር ከተማ አካሄደች። መካ ላይ የሚደረገው የንጉሥ አብዱልዓዚዝ ውድድር የተጀመረው በ1399 ሂጅራ፣ ማለትም በ1979 ነው። እኛ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው የዱባዩ እንኳ ከአይዶል በፊት፣ በ1997 ነው የተቋቋመው። እንግዲህ ማን ከማን ቀዳ?

ጸሐፊው ግን ሌላም ነገር ብለዋል። «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃሪኦችን (ቁርኣን አንባቢዎችን) አሰልፈው ደረጃ ሲሰጡ አልተሰማም» ይላሉ። መድረክ አላሠሩም፣ ልክ ነው። ደረጃ ግን ሰጥተዋል። «ቁርኣንን ከአራት ሰዎች ያዙ» ብለው አራቱን በስም ጠርተዋል፦ ኢብኑ መስዑድ፣ ሳሊም፣ ሙዓዝ እና ኡበይ። ለሰላት የሚቀድመው ቁርኣን በመቅራት የሚበልጠው ይሁን ብለዋል። በኡሑድ ሸሂዶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲቀበሩ «ከሁለቱ ቁርኣን የበለጠ የያዘው የትኛው ነው?» እያሉ እሱን ያስቀድሙ ነበር። መቃብር ውስጥ እንኳ ቅደም ተከተል ነበረው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልጨምር፣ በጣም ስለምወደው። ቡኻሪ የዘገበው ነው። ዐምር ኢብኑ ሰሊማ የሚባል ትንሽ ልጅ ነበር። ጎሣው የሚኖረው መንገደኛ በሚያልፍበት የውኃ ዳር ነው። ልጁ ከመንገደኞቹ አፍ የሰማውን ቁርኣን እየያዘ ልቡ ውስጥ ያስቀምጣል። መካ ከተከፈተች በኋላ አባቱ ከነቢዩ ዘንድ የጎሣውን መስለም ይዞ ተመለሰ። «ቁርኣን የበለጠ የያዘው ያሰግዳችሁ» የሚለውን ትእዛዝም ይዞ መጣ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ልጅ የበለጠ የያዘ አልተገኘም። ዕድሜው ስድስት ወይም ሰባት ነው። አስቀደሙት። የለበሰው ነገር አጭር ስለነበር ሱጁድ ሲወርድ ወደ ላይ ይሰበሰብበታል። አንዲት ሴት «የቃሪያችሁን መቀመጫ አትሸፍኑልንም እንዴ?» አለች። ጨርቅ ገዝተው ቀሚስ ሰፉለት። ዐምር ካደገ በኋላ ሲያወራ፣ እንደዚያ ቀሚስ ያስደሰተኝ ነገር አልነበረም ይላል።

ቀሚሱ ሽልማት ነበር አልልም፤ ገላ መሸፈኛ ነው። ግን ልጅ በቁርኣኑ ምክንያት ከትልልቆቹ ፊት መቆሙ፣ ሰውም ደስ ብሎት ማልበሱ፣ የዚያ ዘመን ሰዎችን አላስደነገጠም። ጽሑፉ «ሕፃን ልጅን ሰው ፊት ማቆም የኛ ዘመን በሽታ ነው» የሚለውን ነገር ሳነብ የታወሰኝ ይኼ ልጅ ነው።

«እንደ በቀቀን ይደግማሉ»

ከጽሑፉ ሁሉ ያልተዋጠልኝ ይህ ነው።

አንድ ረመዳን ሰፈራችን መስጊድ ውስጥ ትንሽ ውድድር ነበር። ከዳኞቹ ጎን ተቀምጬ ሙስሐፍ (የቁርኣን መጽሐፍ) ላይ እከታተል ነበር። ተወዳዳሪው የሳተበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ነው ሥራዬ። አሥር ዓመት የሞላው የማይመስል ልጅ ወጣ። ኮፊያው ሰፍቶት ጆሮው ላይ አርፏል። ዋናው ዳኛ ከሱረቱል በቀራ 121ኛውን አንቀጽ ጀመሩለት። ለምን እዚያ? የሚቀጥለው፣ «ያ በኒ ኢስራኢል» የሚለው አንቀጽ፣ ሱራው ውስጥ ሁለት ቦታ ቃል በቃል ስለሚገኝ ነው። 47ኛው ላይ አለ፤ 122ኛው ላይም አለ። ዳኛው ከእሱ ቢጀምሩ ልጁ የትኛው ጋ እንዳለ በምን ያውቃል? ስለዚህ አንድ አንቀጽ ወደ ኋላ ተመልሰው ጀመሩለት።

ወጥመዱ ግን ከዚያ በኋላ ነው። 48ኛውና 123ኛው አንቀጾች አንድ ዓይነት ሆነው ይጀምራሉ። ነፍስ ለሌላ ነፍስ ምንም የማትጠቅምበትን ቀን ፍሩ ይላሉ። መሐል ላይ ይለያያሉ። በመጀመሪያው ምልጃ ይቀድማል፣ ቤዛ ይከተላል። በሁለተኛው ቤዛ ይቀድማል፣ ምልጃ ይከተላል። ልጁ እየፈሰሰ መጥቶ «ወላ ዩቅበሉ ሚንሃ ሸፋዓቱን» አለ። ደወሏ ቲን አለች።

ልጁ ቀጥ አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ማንም አልነገረውም፤ የመጀመሪያው ደወል «ራስህ አርም» ማለት ብቻ ነው። ሁለተኛ ቢደወል ዳኛው ራሳቸው ያርሙታል፣ የሚቀነሰውም ነጥብ ይከብዳል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አንድ አንቀጽ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ «ዐድሉን ወላ ተንፈዑሃ ሸፋዓ» ብሎ ሄደ፤ ሳይቆም። ዳኛው «ሐስቡክ» (ይበቃሃል) እስኪሉት ድረስ።

በቀቀን ይኼን አያደርግም። በቀቀን የት እንዳለ አያውቅም። ይህ ልጅ ከስድስት ሺህ በላይ አንቀጽ ውስጥ የትኛው መንታ መንገድ ላይ እንደቆመ ያውቃል፤ ሲሳሳትም ወደየትኛው መንገድ እንደገባ ያውቃል። ደረሶች (የቁርኣን ቤት ተማሪዎች) እነዚህን ተመሳሳይ አንቀጾች ሙተሻቢሃት ይሏቸዋል። ሃፊዝን (ቁርኣንን በቃሉ የያዘን ሰው) እንቅልፍ የሚነሱት እነሱ ናቸው። የውድድር ጥያቄም በብዛት ከእነሱ አካባቢ ይወጣል። ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ ግን ጥያቄው ሰው አዳልቶ እንዳይመርጥ በኮምፒዩተር በዕጣ ይወጣል።

እዚህ ላይ ትርጉም የሌለበት እንዳይመስልም። ጥሩ ኡስታዝ ሙተሻቢሃትን የሚያስይዘው በትርጉም ነው። በሱረቱል አንዓም ልጆቻችሁን ከድህነት የተነሳ አትግደሉ ይልና «እኛ እናንተንም እነሱንም እንመግባለን» ይላል። በሱረቱል ኢስራእ ደግሞ ድህነትን በመፍራት አትግደሉ ይልና «እኛ እነሱንም እናንተንም እንመግባለን» ይላል። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ለምን? የመጀመሪያው አሁን ድሃ ለሆነ አባት ነው፤ የራሱ ሆድ ያሳሰበዋል፣ ስለዚህ «እናንተን» ቀደመ። ሁለተኛው ገና ለገና ልጅ ከመጣ እደኸያለሁ ብሎ ለሚፈራ ነው፤ ስለዚህ «እነሱን» ቀደመ። ይህን አንዴ የሰማ ልጅ ሁለቱን ሱራ ዕድሜውን ሙሉ አያምታታም።

በእርግጥ ሁሉም ኡስታዝ እንዲህ አያስተምርም። ዐረብኛ ሳይገባቸው ሠላሳውን ጁዝእ (ሙሉ ቁርኣኑን) የያዙ ብዙ ልጆች አሉ። ያሳስባል፣ አልክድም። ግን ይህ ቅደም ተከተል ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። የቆሎ ተማሪው ዳዊት የሚደግመው ግእዙ ሳይገባው ነው፤ ትርጓሜው በኋላ ይመጣል። ልጅ በልጅነቱ የያዘው አይለቀውም፣ ሲጎለምስ ይገባዋል የሚል እምነት ነው፣ በሁለቱም ቤት። ጥፋቱ ልጁ ቁርኣኑን ባኸተመ ማግስት ቤተሰቡ «ጨረሰ» ብሎ ሲያስወጣው ነው። ውድድር ያመጣው ጣጣ አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንድ ውድድሮች ይኼንን ለማስተካከል ሞክረዋል። በመካው ውድድር ከሒፍዝ (በቃል ከመያዝ) ጋር የቃላት ትርጉም የሚጠየቅበት ዘርፍ አለ። በኢንዶኔዥያው ደግሞ የተፍሲር (የትርጓሜ)፣ በቡድን የሚመለስ የጥያቄና መልስ፣ የጽሕፈት ጥበብም ውድድር አለ። የእኛዎቹ አዘጋጆች ከቼኩ መጠን ይልቅ ይኼን ቢኮርጁ ደስ ባለኝ።

«ሽልማቱ ሐራም ነው፣ ኒያንም ያበላሻል»

ሁለት የተለያዩ ክሶች ናቸው፤ አንዱ የፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ)፣ ሌላው የኒያ (የልብ ሐሳብ) ነው። ጸሐፊው ቀላቅለዋቸዋል።

የፊቅሁን በአጭሩ። ጸሐፊው የጠቀሱት ሐዲስ አለ፤ የውድድር ሽልማት በቀስት፣ በግመልና በፈረስ እንጂ የለም የሚለው። ትክክለኛ ሐዲስ ነው። ከዚህ ተነስተው በሦስቱ ብቻ የወሰኑ ዑለማዎች ብዙ ናቸው። ግን ጽሑፉ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ጉዳዩ አያቆምም። የሐነፊ (ከአራቱ የፊቅህ መስመሮች የአንዱ) ዑለማዎች በዕውቀት መወዳደርን ፈቅደዋል። ኢብኑ ተይሚያና ተማሪያቸው ኢብኑል ቀይምም እንዲሁ፤ ዲን የሚቆመው በጦርም በዕውቀትም ነው የሚል ነው መነሻቸው። አቡበክር (ረ.ዐ.) ሮማውያን ያሸንፋሉ ብለው ከቁረይሾች ጋር የተወራረዱበትንም ያነሳሉ። ስለዚህ «ዑለማዎች ተለያይተዋል» ማለት ያስኬዳል። «ሐራም ነው» ብሎ በር መዝጋት ግን አያስኬድም።

አንድ ነገር ግን ጸሐፊው ሊያነሱት ሲገባ ዘለውታል። ቁማር የሚሆነው ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ገንዘብ አዋጥተው አሸናፊው ሲወስደው ነው። ከውጭ ያለ ሰው ወይም ተቋም ሲሸልም ነገሩ ከቁማር ይርቃል። እዚህ እኛ ጋ ታዲያ «መመዝገቢያ» ብለው ከእያንዳንዱ ልጅ ብር ሰብስበው፣ ሽልማቱን ከዚያው የሚከፍሉ ትንንሽ ውድድሮች አጋጥመውኛል። ይህ በየትኛውም መዝሀብ (የፊቅህ መስመር) የሚያስጨንቅ ነገር ነው። ጸሐፊው ዱባይን ትተው ይኼን ቢጽፉ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር።

ኒያው ላይ ስንመጣ፣ የጠቀሱት ሐዲስ ያስፈራል። ሙስሊም ዘግበውታል። በትንሣኤ ቀን መጀመሪያ ከሚፈረድባቸው አንዱ «ቃሪእ ነው» እንዲባል የቀራ ሰው ነው። ማንም ሃፊዝ ይህን ሐዲስ ሰምቶ የማይሸማቀቅ የለም። ግን ሐዲሱ ሦስት ሰዎችን ነው የሚጠራው። አንዱ ቃሪእ ነው። ሌላው ጀግና ነው እንዲባል ተዋግቶ የሞተው ነው። ሌላው ቸር ነው እንዲባል የሰጠው ነው። በዚህ ሐዲስ ምክንያት ሰደቃ ይቁም ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። መስጊድ ሲሠራ የለጋሾች ስም በማይክራፎን ሲጠራ «ሪያእ (ለታይታ) ነው» ብሎ የጻፈ ካለ ጽሑፉን ላኩልኝ።

የገንዘቡ መጠን ግን እኔንም ያስደነግጠኛል። የዱባዩ አንደኛ ለብዙ ዓመታት 250,000 ድርሃም ነበር የሚያገኘው። አሁን አንድ ሚሊዮን ዶላር አድርሰውታል፤ ለወንድም ለሴትም። ይህን ያህል ገንዘብ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ እጅ ሲገባ ምን እንደሚያደርገው ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ከዚህ የበለጠ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ያንን ልጅ ከአሊፍ ጀምሮ ያስቀራው ኡስታዝ የት አለ? በየሰፈሩ መስጊድ ከጁምዓ መዋጮ በሚገኝ ብር የሚኖር፣ ቤት ኪራይ ሲጨምር መስጊድ የሚቀይር ሰው ነው። ልጁ ሲያሸንፍ ፎቶው ላይ የለም። ሚሊዮኑን ለሁለት ክፈሉት ብል ማን ይሰማኛል?

«ነጥቡ ለዜማ ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት ዓይነት ውድድር አምታተዋል። አንደኛው የሒፍዝ ነው፤ በቃል የያዘ ሰው ዳኛው ከፈለጉት ቦታ ሲጀምሩለት ይቀጥላል። የመካው እንዲህ ነው፤ ዱባይም በዋናነት የታወቀችው በዚህ ነው። ሁለተኛው የቲላዋ ነው፤ ቃሪኡ ሙስሐፍ ፊቱ አስቀምጦ፣ የተሰጠውን ክፍል አሳምሮ ይቀራል። ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ስማቸውን ያገኙት በዚህኛው ነው፣ ምንም እንኳ ሒፍዝም ቢኖራቸው። በመጀመሪያው ውድድር ድምፁ የሻከረ ልጅ አንደኛ ሊወጣ ይችላል፤ ወጥቶም አይቻለሁ።

በሁለተኛው ድምፅና ዜማ ነጥብ አላቸው፣ እውነት ነው። ግን ተጅዊድ (የአቀራር ሕጉ) ለብቻው ይታረማል። የፊደል አወጣጥ ለብቻው ይታረማል። ዳኞቹም በየፊናቸው ተከፋፍለው ነው የሚቀመጡት። ዜማው ደግሞ ጌታ አለው። መድ (ድምፅ የሚሳብበት ልክ) ሁለት ምት ከሆነ ሁለት ነው። ዜማው አምሮት ሦስት ቢያደርገው ተቀነሰበት። ጉንናው (በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ) ከልኩ ቢያልፍ ተቀነሰበት። ትንፋሽ አጥሮት ትርጉም በሚያበላሽ ቦታ ቢቆም ከባድ ቅጣት ነው። ኢንዶኔዥያ ላይ ጭራሽ መብራት አለ፤ አረንጓዴው ሲበራ ይጀምራል፣ ቢጫው ማስጠንቀቂያ ነው፣ ቀዩ ሲበራ ያበቃል። ቃሪኡ በዚህ መሐል በበያቲ ዜማ ከፍቶ፣ ሂጃዝና ራስት የሚባሉትን ዜማዎች ነካክቶ፣ ተመልሶ በበያቲ ይዘጋል። መሣሪያ የለም። የተጻፈ ኖታ የለም። ከፊደሉ ልክ አንዲት ፀጉር ቢወጣ ደግሞ ዳኛው እስክሪብቶውን ያነሳል።

ዑለማዎች ያስቀመጡት ድንበርም ይኸው ነው። ኢማም ነወዊ ድምፅን በቁርኣን ማሳመር የተወደደ መሆኑን ጽፈው፣ ፊደል እስኪጨመር ወይም እስኪጎድል ድረስ ከተለጠጠ ግን ሐራም ነው ብለዋል። «ቁርኣንን በድምፃችሁ አስውቡት» የሚለው ሐዲስ አቡ ዳውድ ዘንድ አለ። ነቢዩ የአቡ ሙሳን ንባብ ሌሊት ሰምተው፣ ከዳውድ ቤተሰብ ዜማ ተሰጥቶሃል ብለውታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ኢብኑ መስዑድን «ቅራልኝ» አሉት። «በእርስዎ ላይ ወርዶ ለእርስዎ ልቅራ?» አለ። ከሌላ ሰው መስማት እወዳለሁ አሉ። ሱረቱ ኒሳእን ቀራላቸው። ከእያንዳንዱ ሕዝብ ምስክር በምናመጣበት ጊዜ የሚለው አንቀጽ ላይ ሲደርስ «ሐስቡክ» አሉት፣ ይበቃሃል። ቀና ሲል ዓይናቸው እንባ ያፈስሳል። ዛሬ ዳኛው መድረክ ላይ የሚለው «ሐስቡክ»ም ይኸው ቃል ነው።

«የባህረ ሰላጤው ፖለቲካ ነው»

መንግሥታት ስም ይፈልጋሉ። ምን ይደንቃል? የማሌዥያውም አዲስ አገር ራሷን ለዓለም የምታስተዋውቅበት መንገድ ነበር። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ደግሞ ክፍላተ ሀገሩ እርስ በርስ ስለሚፎካከሩ፣ ገዥዎቹ የሌላ ክፍለ ሀገር ቃሪእ አስመጥተው በራሳቸው ስም ያወዳድራሉ የሚል የቆየ ቅሬታ አለ። ተጫዋች እንደ መግዛት ማለት ነው። ያሳፍራል።

ግን ጸሐፊው ነገሩን ሁሉ «የባህረ ሰላጤ» ማለታቸው ግማሹን ዓለም ያስቀራል። የሰፋው የውድድር ባህል ያለው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ምሥራቅ አፍሪካም አለ፤ ዳሬሰላም ላይ 60,000 ሰው የሚይዘው የቤንጃሚን ምካፓ ስታዲየም ለዚሁ ይከፈታል። ጽሑፉ ስለ ሴቶች አንድም ቃል አለመተንፈሱም ገርሞኛል። ኢንዶኔዥያዊቷ ማሪያ ኡልፋ በ1980 ኩዋላ ላምፑር ላይ አሸንፋ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ቃሪኦችን ስታስተምር ኖራለች። ዱባይም ከ2016 ጀምሮ በሸይኻ ፋጢማ ቢንት ሙባረክ ስም ለሴቶች ለብቻው ውድድር ከፍታለች። ይህ ሁሉ ፖለቲካ ነው ከተባለም፣ የሴት ልጅ ሒፍዝ ቤት ውስጥ ተሸሽጎ እንዳይቀር ያደረገ ፖለቲካ ነው።

«የወሎና የሐረር ባህላችንን ገደለው»

የቁርኣን ቤትን ለሚያውቅ ሰው ይህ ክስ ግራ ያጋባል። ሉሕ (የእንጨት ሰሌዳ) ላይ ከጥላሸትና ከሙጫ በተበጠበጠ ቀለም የሚጻፈው፣ ሲያዝ የሚታጠበው ትምህርት ምን ነበር መጨረሻው? ማሰማት። ደረሳው ሸኹ ፊት ቁጭ ብሎ የያዘውን ያሰማል። ከሳተ ይመለሳል። ሃያው ልጅ በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ የየራሱን ሲቀራ፣ ሸኹ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ «አንተ፣ ጥግ ያለኸው፣ መልሰው!» ይላሉ። ከሃያው ድምፅ አንዷን የሳተች ፊደል ለይተዋል። ይኼ ጆሮ ነው ዛሬ ከዳኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው። ልጁ ቁርኣን ሲያኸትምም በዝምታ አይታለፍም ነበር፤ ይታረዳል፣ ኡስታዙም ይለብሳል።

ባህላችን ላይ የደረሰ ነገር የለም አልልም። በሱዳንና በአፍሪካ ቀንድ ለዘመናት ሲቀራ የኖረው፣ ቁርኣን ከሚቀራባቸው የንባብ ዓይነቶች አንዱ የሆነው የአቡ ዐምር ንባብ ነበር፤ ዱሪ ያስተላለፈው። ዛሬ ልጆቻችን የሚያውቁት ሌላውን፣ የሐፍስን ንባብ ብቻ ነው። የሚያስቆጭ ነገር ከተፈለገ ይኸውና። ግን ይህን ያመጣው ውድድር አይደለም። ካይሮ ላይ በ1924 የታተመው ሙስሐፍና እሱን ተከትሎ ዓለምን ያዳረሰው ኅትመት ነው፤ ከዚያም ካሴትና ሬዲዮ ተጨመሩበት። ከፈለግን እንዲያውም ውድድር ሊያድነው ይችላል። አንድ አዘጋጅ ለዱሪ ንባብ ለብቻው ዘርፍ ቢከፍት፣ በየገጠሩ የቀሩ ሽማግሌ ሸኾች ደጃቸው በደረሳ ይጨናነቅ ነበር።

ጸሐፊው የደረሳ ቁጥር መቀነሱን ያነሳሉ። የቀነሰው ገጠሩ ስለተቸገረ፣ ልጁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለገባ፣ ወጣቱም ዓረብ አገር ስለሄደ ነው። በእኔ እይታ ከተማ ውስጥ ማታ ማታ የሒፍዝ ማዕከል ከሚሞላው ልጅ ውስጥ ቀላል የማይባለው የመጣው ውድድር አይቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ዓለም አቀፉ የቁርኣንና የአዛን ውድድር ሲካሄድ፣ አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ያየ ልጅ ሁሉ ቤቱ ገብቶ አዛን ሲል ነው ያመሸው። የቢላል አገር ልጅ ነውና።

ጭብጨባው

እዚህ ላይ እጄን እሰጣለሁ። በእርግጥ አብዛኛው ሰው ተክቢራ («አላሁ አክበር») ነው የሚለው፣ ጭብጨባው ጥቂት ነው። ግን ተክቢራውም ቢሆን ልጁ አንቀጹን ሳይጨርስ ሲጮኽ ምን ይባላል? ልጁ ይደነግጣል፣ ትንፋሹ ይቆረጣል፣ ዳኛውም አይሰማም። አባቶች ደግሞ ስልካቸውን ልጃቸው አፍንጫ ሥር ደቅነው በቀጥታ ያስተላልፋሉ። ልጁ የሚያየው ዳኛውን ሳይሆን የአባቱን ካሜራ ነው። ሲሳሳት ፊቱን አቀርቅሮ የወረደ ልጅ ቪዲዮው ማታውኑ ሰፈሩን ሲዞር አይቻለሁ። ይህንን ለማስቆም ፈትዋ አያስፈልግም። የመድረክ መሪው ከመጀመሩ በፊት «ልጁ ቀርቶ እስኪወርድ ስልክ ኪስ ውስጥ፣ ተክቢራም ከሐስቡክ በኋላ» ብሎ ቢያውጅ፣ እምቢ ያለውንም ቢያስወጣ ይበቃል። ጸሐፊው በዚህ ላይ ዘመቻ እንጀምር ካሉ፣ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እኔ ነኝ።